ሙሉ ፊት

የፎቶ ክበቡ ሰብሳቢ ጋሽ መስመር ይባላሉ። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ሰው ፎቶ ይዞ በመጣ ቁጥር አንገታቸውን ዘንበል አድርገው «እስቲ መጀመሪያ መስመሩን እንየው» ስለሚሉ የወጣላቸው ነው። የግድግዳ ጥግ ይሁን የበር መቃን፣ ሰማይና ምድር የሚገናኙበት ጠርዝም ይሁን፣ ትንሽ ከተጣመመ ወንበሩ ላይ እሾህ እንዳለበት ሰው ይቁነጠነጣሉ። መተዳደሪያቸው ፎቶ ቤት ነው። ሙሽራ ያነሳሉ፣ ተመራቂ ያነሳሉ፣ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ያነሳሉ። እሑድ ከሰዓት ግን የፎቶ ቤታቸውን የኋላ ክፍል ከፍተው፣ ካሜራ ገዝቶ የሚያደርገው ለጠፋው ሁሉ በነፃ ያስተምራሉ።

ለዚህ ነው ሹፌሯ ስትጣላቸው ብዙ ሰው «ያጎረሰ እጅ ተነከሰ» ያለው። እሷም ወሬውን ሰምታዋለች።

ሹፌሯ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ናት። ወንድሟ አዲስ ካሜራ ሲገዛ አሮጌውን ለእሷ ጣለላት፤ እሷም መጀመሪያ ለጨዋታ ያህል፣ መናኸሪያው ውስጥ ተራዋን ስትጠብቅ ማንሳት ጀመረች። ጎማ ላይ ተደግፎ የሚያንቀላፋ መካኒክ አነሳች። ጫማዋን አውልቃ እግሯን የምታሻሽ ትኬት ቆራጭ አነሳች። ትኬት ቆራጯ ናት «አንቺ ይኼን ነገር ተማሪው እንጂ» ብላ ወደ ክበቡ የላከቻት።

የክበቡ ሥርዓት ቀላል ነው። ፎቶው ታትሞ ይመጣል፤ ግድግዳው ላይ በተወጠረ ገመድ በልብስ መቆንጠጫ ይሰቀላል። ባለቤቱ ዝም ይላል። ሌሎቹ መጀመሪያ የተሳካውን ይናገራሉ፣ ቀጥለው መታረም ያለበትን፣ በመጨረሻ ደግሞ ሰውየው ተስፋ ቆርጦ ካሜራውን እንዳይሸጠው የሚያበረታታ ነገር ጣል ያደርጋሉ። ከአባላቱ አንዱ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ እሱ ይኼን ሥርዓት «ማር ቀብቶ መርፌ መውጋት» ይለዋል።

የሹፌሯ የመጀመሪያ ፎቶ ትኬት ቆራጯ መንገድ ዳር ቆማ የምትስቅበት ነበር። ጋሽ መስመር ሳቋን አደነቁላት። ከዚያ ጣታቸውን ከፎቶው ጫፍ ላይ አሳርፈው፣ «ግን ከልጅቷ አናት ላይ የመብራት ምሰሶ በቅሏል። ሲነቅሉላት ያማታል» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ሹፌሯ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ከሰው ኋላ ምን እንደቆመ ሳታይ ተጭና አታውቅም። ሌላ ጊዜ ተሳፋሪዎችን ከሩቅ አንስታ መጣች። «ለምን ሸሸሽ?» አሏት። «ሰዎቹ አይነክሱሽም። አስፈቅጂና ቅረቢ።» ቀረበች።

ትችት አያስቀይማትም። ከመሪ ኋላ የዋለ ሰው ቆዳው ወፍራም ነው። ከኋላዋ አንዱ «ቀስ በይ እንጂ!» ሲል ሌላው «ምን ታንቀላፊያለሽ?» ይላታል፤ ሁለቱንም ከሰማች አውቶቡሱ የትም አይደርስ። ስለዚህ መለየት ለምዳለች። አንዳንዱ ሰው የሚጮኸው እግሩ በር ስለያዘው ነው፤ ለእሱ ፍሬን ይያዛል። አንዳንዱ ደግሞ ቤቱ ያልጮኸውን ነው እዚህ የሚጮኸው፤ ለእሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

እናቷ የጨርቅ ነጋዴ ነበረች። ገበያው ሁሉ የሚያውቃት በምላሷ ነው። አንድ ሜትር ጨርቅ ስትቆርጥ ሁለት ሜትር ቀልድ ትመርቅ ነበር። አምና ስትሮክ መታት። ነፍሷ ተረፈች፣ እግሯም ከብዙ ልምምድ በኋላ ታዘዘላት፤ የግራ ጉንጯ ግን ወርዶ፣ አፏ በአንድ ወገን ወደ ታች ተስቦ ቀረ። ከንፈር ለከንፈር የሚያጋጥም ፊደል አስቸገራት፤ «በ» እና «መ» ከአፏ ሲወጡ ተንሸራተው ይወጣሉ። ጠያቂ ሲመጣ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ትስባለች። ጠያቂዎቹም ወይ ደህናውን ጉንጭ ብቻ እያዩ ያወራሉ፣ ወይ የደነቆረች ይመስል ይጮሁባታል። እሷ ዝም ትላለች። ልጅቷን ከሕመሙ ይልቅ ያስፈራት ይኼ ዝምታ ነበር።

አንድ ጠዋት የእናቷ ታናሽ እኅት መጣች። ልጇን ልትድር ነው፤ ስለ አዳራሹ፣ ስለ አበባው፣ ስለ ሚዜዎቹ ቀሚስ አወራች። ልትሄድ ስትነሳ ድምፅዋን ለስለስ አደረገች።

«እትዬ፣ እንግዲህ አንቺ አትድከሚብን። ወደ አዳራሹ መጥተሽ ትባርኪያቸዋለሽ። የቤተሰብ ፎቶ ሲነሳ ግን መቆሙም መቀመጡም ስለሚከብድሽ እዚያው ጥላው ሥር ብታርፊ ይሻላል ብለን ነው። ያው ፎቶ ነገ ከነገ ወዲያም የሚታይ ነገር ነው።»

እናቲቱ እሺ በሚል ራሷን ነቀነቀች። እኅትየዋ ስማት ወጣች።

ሹፌሯ ጫማዋን እያሰረች ነበር። ተነስታ አክስቷን በር ላይ ልትደርስባት አሰበች። ቀና ስትል እናቷ ሻርፗን ከፊቷ አውልቃ፣ አጣጥፋ፣ ወንበሩ መደገፊያ ላይ አስቀምጣዋለች።

«ካሜራሽ የት ነው?»

«እዚህ አለ።»

«አንሺኝ። ሙሉውን። አዙሪ፣ ሸፍኚ፣ ዝቅ በይ እንዳትዪኝ።»

መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። የጠዋት ብርሃን በግራ በኩል፣ በወረደው ጉንጭ ላይ አረፈ። የደከመችውን ግራ እጇን በቀኟ ይዛ ካሜራውን ፊት ለፊት አየችው። እንደ ድሮ ዋጋ የሚከራከር ደንበኛ ስታይ በምታየው አስተያየት ነበር ያየችው። ሹፌሯ ቀረበችና ተጫነች።

እሑድ ዕለት ፎቶው ገመዱ ላይ ተሰቀለ። ጋሽ መስመር መነጽራቸውን ጠረጉ። እንደ ሁልጊዜው ከተሳካው ጀመሩ።

«ብርሃኑ ድንቅ ነው። እስካሁን ካመጣሽው ሁሉ ይበልጣል። መስመሩም ቀጥ ብሏል። ወደሚታረመው ስንመጣ፣ አንደኛ እጃቸው። ቀኝ እጃቸው ጣቱ ላይ ተቆርጧል። ሰው ጣት ላይ አይቆረጥም። ሁለተኛ፣ እዚህ ጥግ ላይ የመጋረጃው ነጭ ዓይን ይሰርቃል። ሦስተኛ…» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሦስተኛ ቀኝ ጉንጫቸውን ወደ መስኮቱ ብታዞሪው ኖሮ የሚያምረው ጎናቸው ይወጣ ነበር። ሕመሙ ጥላ ውስጥ ይገባልሽ ነበር። ለእሳቸው ክብርም ጥሩ ነው።»

«እውነት ነው» አለ ፋርማሲስቱ። እሱ ከአበባ በስተቀር ምንም አንስቶ አያውቅም። «ትንሽ ያስጨንቃል።»

የፎቶ ባለቤት ዝም ይላል የሚለው ሥርዓት የዚያን ቀን ፈረሰ።

«እጇን ስለቆረጥኩ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ሹፌሯ። «መጋረጃውንም አላየሁትም፣ እውነትዎን ነው። ሁለቱንም አስተካክላለሁ። ሦስተኛው ግን የፎቶው ስህተት አይደለም፤ የእናቴ ፊት ነው።»

«ልጄ፣ እኔ ፊታቸውን አልነቀፍኩም። አነሳሱን ነው።»

«አነሳሱን ያዘዘችው እሷ ናት። እዩኝ ብላ ነው የተቀመጠችው። እርስዎ ደግሞ ደብቂያት ይሉኛል።»

«ተመልካቹንም ማሰብ አለ።»

«ተመልካቹ ከጨነቀው ጭንቀቱ የራሱ ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ጋሽ መስመር መቆንጠጫውን ከፍተው ፎቶውን ሰጧት። «አስቢበት» ብቻ አሏት።

ቤት ስትገባ እናቷ ምን አሉ ብላ ጠየቀቻት። «ወደዱት» አለች ልጅቷ። እናትየዋ ዕድሜዋን ሙሉ ከሰው ዓይን ዋጋ ስታነብ የኖረች ናት፤ ዓይን ዓይኗን አየቻት። ሹፌሯ ሌላ መውጫ ስታጣ ሁሉንም ነገረቻት፣ ክብር የተባለውንም ጭምር።

«ስጪኝ እስቲ» አለች እናትየዋ። ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። «እጄንስ እውነቱን ነው፣ ቆርጠሽኛል። ይኼን መጋረጃም ነቅለሽ እጠቢው ካልኩሽ ቆየሁ። የቀረውን ግን ተወው በዪው። ነይ፣ እንደገና አንሺኝ።»

መጋረጃው ተነቀለ። እጆቿ ሁለቱም ገቡ። ፊቷ ግን እንደዚያው፣ ፊት ለፊት ነበር።

በዚያ ሰሞን ክበቡ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ኤግዚቢሽን ሊያሳይ ተሰናዳ። ጋሽ መስመር የሁሉንም ፎቶ በራሳቸው ማሽን አትመው ፍሬም ሊያስገቡ ቃል ገቡ። ሹፌሯ ሁለተኛውን ፎቶ ሰጠቻቸው። አዩት፣ «እጁ ተስተካክሏል» አሉና ተቀበሏት። ሌላ ምንም አላሉም። በልቧ «ገባቸው» አለች።

ፎቶዎቹ በሚሰቀሉበት ዕለት ከሥራ ወጥታ፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ወደ አዳራሹ ገባች። የእናቷ ፎቶ መግቢያው ትይዩ፣ ከሁሉ የተሻለው ቦታ ላይ ተሰቅሏል። ከሩቅ ስታየው ደስ አላት። ሦስት አራት እርምጃ ስትቀርብ ግን እግሯ ቆመ።

አፉ ቀጥ ብሏል። ጉንጩ ወደ ቦታው ተመልሷል። ሥራው ለዓይን አያስታውቅም፤ የት እንደጀመረ የት እንዳለቀ አይለይም። መስኮቱ የእነሱ መስኮት ነው፣ እጆቹ የእናቷ እጆች ናቸው፣ በመሐሉ ግን እናቷን የምትመስል አንዲት ጤነኛ ሴት ተቀምጣለች።

ፍሬሙን ከሚስማሩ አነሳችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ ጋሽ መስመር፣ ከመሰላሉ ላይ።

«እናቴን ፈልጌ አጣኋት።»

ወረዱ። እጃቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ እንደ አባት በለሰለሰ ድምፅ፣ «ደግ አስቤ ነው» አሉ። «ስንት ሰዓት እንደፈጀብኝ ብታውቂ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳሳምር ኖሬያለሁ። የሙሽራ ብጉር አጥፍቻለሁ፣ የሙሽራ አባት ራሰ በራ ላይ ፀጉር አብቅያለሁ። አንድም ሰው ቅር ብሎት አያውቅም።»

«እነሱ አሳምረን ብለው ወደ እርስዎ መጥተው ነው። እናቴ አልመጣችም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይባላል፣ ጋሼ።»

ፊታቸው ተለወጠ። «እንግዲያው ስሚኝ። ይኼ ኤግዚቢሽን የክበቡ ነው። ፎቶ የመረጠው ኮሚቴ ያየው ይኼንን ነው። ይኼ ካልተሰቀለ ቦታሽ ባዶ ይሆናል።»

«ይሁን። ባዶ ይሁን።»

ፍሬሙን በብብቷ ይዛ ወጣች። በኋላዋ አንድ ሰው «ምን ዓይነት ምስጋና ቢስ ናት» ሲል ሰማችው። ስፖኪዮ ቢኖራት ማን እንደሆነ ታየው ነበር፤ ዞራ ግን አላየችም።

ፎቶውን ለእናቷ ላሳያት ወይስ አላሳያት እያለች መንገዱን ሁሉ ስታወጣ ስታወርድ ሄደች። በመጨረሻ፣ ጋሽ መስመርን የተጣላችው ሳይጠይቁ በመወሰናቸው መሆኑ ትዝ አላትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት።

እናትየዋ ፎቶውን ወደ ራሷ ሳበችው። ጣቷን ዘርግታ ቀጥ ያለውን አፍ፣ መስታወቱ ላይ፣ በቀስታ ነካችው። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እናቷ ያቺን ሴት እንደናፈቀቻት ለማየት ብዙ አያስፈልግም ነበር፤ ልጅቷም ናፍቃታለች።

«እንዴት ያለች ቆንጆ ናት» አለች እናትየዋ በመጨረሻ። «አውቃት ነበር። አሁን ግን እዚህ ቤት አትኖርም።» ፎቶውን ገፋ አደረገችው። «ለእኅቴ ስጫት። ሠርጉ ላይ ታቁማት፣ እኔ ጥላው ሥር ልረፍ።»

ልጅቷ ሳቀች። እናትየዋም ሳቀች፣ በአንድ ወገን።

«ኤግዚቢሽኑ የሚከፈተው መቼ ነው?»

«ነገ። ግን እኮ ፎቶሽ የለም።»

«እኔ አለሁ አይደል?»

በማግሥቱ እናትየዋ ለገበያ ትለብሰው የነበረውን ሰማያዊ ቀሚሷን ለበሰች። ሻርፗን አልወሰደችም። ሹፌሯ ጠዋት በሌላ ፎቶ ቤት አሳትማ ፍሬም ያስገባችውን እውነተኛውን ፎቶ ጠቅልላ በአንድ እጇ ያዘች፤ በሌላው እናቷን ደገፈች። አዳራሹ ውስጥ፣ መግቢያው ትይዩ፣ ሚስማሩ ባዶውን ቆሟል። ከሥሩ «እናቴ በመስኮቱ አጠገብ» የሚለው ጽሑፍ ብቻ ቀርቷል። ፀጉር አስተካካዩ አያቸውና ወንበር አምጥቶ ከጽሑፉ ሥር አስቀመጠላቸው። እናትየዋ ተቀመጠች፤ ግራ እጇን በቀኟ ያዘች፣ ቀና አለች።

ሰው መግባት ጀመረ። መጀመሪያ የሚያያት ሁሉ ዓይኑን ወደ ጎን እየመለሰ ወደ ፋርማሲስቱ አበቦች ሸሸ። አንድ ጎልማሳ ጎንበስ ብሎ «እ-ማ-ማ! ደ-ክ-ሞ-ዎ-ት ነው?» ብሎ ጮኸባት።

«ጆሮዬ ደህና ነው» አለችው። «የታመመው አፌ ነው። ለማየት ከመጣህ እይ፣ አትፍራ። ብርሃኑ እንዴት ነው? እጄ ሙሉ ገብቷል?»

ሰውየው ቀላ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያም አጠገቧ ቁጭ ብሎ ያወራት ጀመር። ሌሎችም ቀረቡ። ዓመት ሙሉ የታፈነው ምላሷ ተፈታ፤ «በ» እና «መ» እየተንሸራተቱ፣ አንዳንዱ ቃል ሁለት ጊዜ እየተደገመ፣ የጨርቅ ተራው ቀልድ ከነሙሉ ክብሩ ወጣ።

ጋሽ መስመር እንግዶች አስከትለው ሲገቡ ያዩት ይኼንን ነው። እንግዶቹን ትተው መጡ። ሹፌሯ ከእናቷ ጎን ተነስታ ቆመች።

«አንተ ነህ አፌን ያቃናኸው?» አለች እናትየዋ።

«እኔ ነኝ፣ እናቴ። በክፋት አይደለም።»

«አውቃለሁ። ሐኪሞቹ ያቃታቸውን ነው የሠራኸው። ሐኪሞቹ ግን ከመንካታቸው በፊት ጠይቀውኛል።»

ሹፌሯ የጠቀለለችውን ፎቶ ፈታች። ፈቃድ አልጠየቀችም። ከእናቷ ራስ በላይ ባለው ሚስማር ላይ ሰቀለችውና ዞራ ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው። አዳራሹ ሁሉ ያወርዱታል ብሎ ይጠብቃል። እሳቸው ፎቶውን አዩ፣ ሴትዮዋን አዩ፣ እንደገና ፎቶውን አዩ። አንገታቸው ቀስ ብሎ ዘንበል አለ።

«በግራ በኩል ወርዷል» አሉ።

«ምኑ?» አለች ሹፌሯ። ድምፅዋ እንደ ምላጭ ነበር።

«ፍሬሙ» አሉ ጋሽ መስመር። «ፍሬሙ ነው፣ ልጄ።»

አየችው። እውነትም ወርዷል። አስተካከለችው። ፎቶው ኤግዚቢሽኑ እስኪያልቅ እዚያው ዋለ፣ እዚያው አደረ።

ይቅርታ አልጠየቋትም፣ እሷም አልጠበቀችም። በሚቀጥለው እሑድ ግን ክበቡ ውስጥ እጇን አወጣችና፣ ፎቶ ሲሰቀል መጀመሪያ ባለቤቱ ምን ሊያሳይ እንደፈለገ ይናገር፣ ሰውም በዚያ ይተቸው አለች። ጋሽ መስመር «ፎቶ ራሱ ይናገራል» ብለው ተቃወሙ። ድምፅ ተሰጠና ተሸነፉ። አኩርፈው ለጥቂት እሑድ ቁልፉን ለፀጉር አስተካካዩ እየላኩ ራሳቸው ቀሩ፤ ከዚያ ማንም ሳይለምናቸው ተመለሱ። እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አንዳንዴ እሷ ትረታለች፣ አንዳንዴ እሳቸው።

ሠርጉም ደረሰ። የቤተሰብ ፎቶ ሲጠራ እናትየዋ ከጥላው ሥር ተነስታ፣ ምርኩዟን ተደግፋ ሄዳ፣ ሙሽሪት አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኅቷ ከንፈሯን ነከሰች። ሙሽሪት ግን የአክስቷን ደካማ እጅ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው።

አሁን እናትየዋም እሑድ እሑድ ወደ ክበቡ ትመጣለች። ካሜራ የላትም፤ አስተያየት ግን ሞልቷታል። ፋርማሲስቱ የሚፈራው እሷን ነው። «ይኼ አበባ ጥሩ ነው» ትለዋለች፤ «ካለፈው ሳምንቱ በምን እንደሚለይ ብቻ ንገረኝ።» ሰውየው ከብዙ መከራ በኋላ፣ ባለፈው ጊዜ፣ የራሱን አባት አንስቶ መጣ። ከሩቅ ነበር፣ ምሰሶም ነበረበት፤ እናትየዋ ምሰሶውን ከነገረችው በኋላ ፎቶውን አስጠግታ ረጅም ጊዜ አየችለት።

አንድ ቀን ሰዉ ሲበተን ጋሽ መስመር ዘግየት አሉ። ትልቁን ካሜራቸውን ከመሳቢያ አውጥተው፣ ጨርቅ ይዘው ሌንሱን ሲጠርጉ ቆዩ።

«እናቴ፣ ከፈቀዱልኝ እኔም አንድ ላንሳዎት ነበር። እንዳሉ። ምንም ሳልነካ።»

ሹፌሯ ኮቷን እየለበሰች ነበር። ቆማ ጠበቀች።

እናትየዋ ከላይ እስከ ታች አየቻቸው፣ እንደ ድሮ ደንበኛ።

«ገና ነህ» አለችና ምርኩዟን አነሳች።

ጋሽ መስመር ካሜራውን እንደያዙ በሩን ከፈቱላት።